ምቾቱ ይምጣ፣ ቡናውን ግን አንተ ቁላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ደብዳቤ ስል በቴሌግራም የሚላክልኝን ማለቴ ነው። በወረቀት የሚጽፍልኝ አንድ የደሴ ሰው ብቻ ነው፣ የእሱ ጽሑፍ ደግሞ አይነበብም። ሁሉም ስልኩን ይረግማል፤ ርግማኑን የሚልክልኝም በዚያው ስልክ ነው።

ለአዲስ አንባቢዎች ልናገር፦ ጡረታ የወጣሁት ከቴሌ ነው። ኦፕሬተር ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ መብራት ሲበራ ገመድ እየሰካሁ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖርኩ። ኋላ ሰው በቀጥታ መደወል ሲጀምር ወንበሬ ቀረ። ስለዚህ “ቴክኖሎጂ አጠፋን” የሚል እንጉርጉሮ ከእኔ የሚጠብቅ አያገኝም። እንጀራዬን የበላሁበትም እሱ ነው፣ ከወንበሬ ያስነሳኝም እሱ ነው። ሁለቱንም ፊቱን አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ከባለቤቴ ጋር እንደተጋባን ሰሞን ቤታችን ቡና የማይፈላበት ቀን አልነበረም። አሁን ሁለታችንም ሥራ ነው የምንውለው። እንጀራ ከሱቅ ይገዛል። በርበሬና ሽሮው ተዘጋጅቶ ይመጣል። ቡናው እንኳ ተቆልቶና ተፈጭቶ በፓኬት ነው የሚገባው። ውኃ ይፈላል፣ ይጠጣል፣ አለቀ። ከዚያ እሷም ስልኳን፣ እኔም ስልኬን። የጎደለን ነገር የለም፤ ግን ቤቱ ጣዕም አጣብኝ። ወደ ድሮው እንድትመለስ ለባለቤቴ እንዴት ልንገራት?
የሁለት ልጆች አባት፣ ከሃያት

መልስ፦ አትንገራት።

አሁን ቁጭ በልና እንነጋገር። “ድሮ” የምትለውን ማን ነበር የሚሠራው? እንጀራውን ብቻ እንውሰድ። ጤፉ ይበጠራል። ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ እዚያ ወረፋ አለ። ዱቄቱ ይነፋል፣ በእርሾ ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ላዩ ላይ ያቀረረው ውኃ ይደፋል። ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውኃ አብሲት ይጣላል፣ ተመልሶ ይደባለቃል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ይሄ ሁሉ ምጣዱ ገና ሳይሰማ ነው። በእናቴ ጊዜ ደግሞ ምጣዱ ጉልቻ ላይ ነበር የሚጣደው። የሚነድበት ከእንጦጦ በሴቶች ጀርባ የወረደ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። እናቴ ጋግራ ከማድ ቤት ስትወጣ ዓይኗ ደም ይመስል ነበር። እኛ ልጆቹ ስታለቅስ የቆየች ይመስለን ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤታችን የገባ ዕለት እናቴ ምጣዱን ሳመችው። ቀልዴን አይደለም፣ ጎንበስ ብላ ሳመችው።

እናም ጢሱን የሚናፍቅ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ዓይኑን ነው። አልቀላም። ያ ሰው ከጢሱ ማዶ፣ ሳሎን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። የሱቅ እንጀራ ይባረክ። ለሚስትህ ዕረፍት ነው፣ ለጋጋሪዋም ገቢ ነው።

ወደ ጣዕሙ እንምጣ። ያጣኸው ነገር እውነት ነው፣ አልክድህም። የናፈቀህ ግን ሊጡ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። የናፈቀህ ቡና ሲፈላ የነበረው መቀመጥ ነው። ቡና ከቀረበ ሰው መነሳት አይችልም። አቦሉን ጠጥቶ እብስ ማለት ነውር ነው፤ ገና ቶናው አለ፣ በረካው አለ። እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ እስኪፈላ ደግሞ ሰው ካላወራ ምን ይሠራል? ፓኬቱ ያሳጠረው ይህንን ነው። የተረፋችሁን ሰዓት ለማን እንደሰጣችሁት ራስህ ጽፈኸዋል፦ እሷም ስልኳን፣ አንተም ስልክህን።

እሷ በበኩሏ ቡናውን ወደ ፓኬት ያወረደችው ከሥራ ደክማ መጥታ ነው። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞላው የጎደለበት ሰው ነው። ቡናውን አንተ ቁላ።

እሑድ ከሰዓት ይሁን። ጥሬ ቡና ግዛ፤ የይርጋጨፌ፣ የሐረር ወይም የጅማ፣ እንደ ምላስህ። ሰፌድ ላይ ዘርግተህ ልቀመው፣ ጠጠርና ጠቋራ ፍሬ አይጠፋውም። በእጅህ እያሸህ ውኃው እስኪጠራ እጠበው። ብረት ምጣዱ ሲግል ጨምርና ማማሰል ጀምር። ማቋረጥ የለም። መልእክት መጣ ብለህ ዘወር ካልክ ከታች ያለው ያርራል፣ አንተ ብትክድ ሲኒው ይናገርብሃል። መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ቢጫ ይላል፣ ከዚያ ይጠቁርና መንጣጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ ዓይንህን ብቻ ሳይሆን ጆሮህንም ስጠው። ወዙ ብቅ ሲል አውርደው። ምጣዱን ይዘህ በቤተሰቡ መሐል ዙር፣ ጢሱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ይሳቡት። ልጆችህ ይውቀጡ። ዘነዘና የጨበጠ ልጅ ታብሌት አይጠይቅም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ድምፁ ረበሸኝ ብሎ ከመጣ እሰየው፣ ግባ በለው፣ ይጠጣል። ጀበናው ሲፈላ ማቶቱ ላይ አሳርፈው፣ አተላው ይዝቀጥ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው አተላ ይጠጣል።

ከሰል ካልሆነ አይጣፍጥም የሚሉህን አትስማ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍላው። ፓኬቱንም አትጣለው፤ ሰኞ ጠዋት ስትሯሯጡ ይጠቅማችኋል።

ደግሞ እንዳትቀርጸው። “ወንድ ቡና ሲያፈላ” ብለህ ቲክቶክ ላይ ከለቀቅከው ቡናው ለተመልካች ሆነ። ጓደኞችህ ይስቁብህ ይሆናል። ይሳቁ፤ ስቀው ሲጨርሱ ሲኒ መዘርጋታቸው አይቀርም። ሲኒውን የምታጥበውም አንተ ነህ። ይሄን የምጨምረው ቡናውን አሳምሮ አፍልቶ ረከቦቱን እንዳለ ለሚስቱ ትቶ የተነሳ ሰው ስለማውቅ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዕድሜዬ 27 ነው። ለአንድ የውጭ ድርጅት ከቤት ሆኜ በኮምፒውተር እሠራለሁ። ደሞዜ ጥሩ ነው። ምግብ በሞተር ይመጣልኛል። አስቤዛ በቴሌግራም አዛለሁ። ሒሳብ ሁሉ በቴሌብር ነው። የግድ መውጣት ካለብኝ ራይድ እጠራለሁ። ከግቢ ሳልወጣ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ቀኖቹ ተጣበቁብኝ፤ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ ይምታታብኛል። ሁሉን ነገር እርግፍ አድርጌ ልተወው?
ከሰሚት ኮንዶሚኒየም

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የመብራት ሒሳብ ለመክፈል በጠዋት ወጥቶ ወረፋ መያዝን አንቺ አልደረስሽበትም። “ያን ጊዜ እኮ ሰው ከሰው ጋር ይገናኝ ነበር” የሚልሽ ካለ አትመኚው። ይገናኝ የነበረው ለመጣላት ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርሺ “ሲስተም የለም” ትባያለሽ። በኋላ “ለሁሉ” የክፍያ ማዕከል መጣና ተነፈስን። በግንቦት 2013 ቴሌብር ተጀመረ፣ ዛሬ ከአልጋዬ ሳልወርድ እከፍላለሁ። ያንን ወረፋ የሚመልስብኝ ሰው ጠላቴ ነው።

እኔ የምለይበት አንድ መንገድ አለኝ። ሥራው ሲያልቅ “ተገላገልኩ” የምይው ከሆነ ለስልኩ ስጪው፣ ደስ ይበለው። ሥራው ሲያልቅ የሆነ ነገር ደስ ብሎሽ የምትመለሺ ከሆነ ግን በእጅሽ አስቀሪው፣ ጊዜ ቢወስድም።

ቲማቲሙን ከስልክ አውጪው። የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጉሊት የምትቸረችር ሴት አትጠፋም። ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ደርድራ፣ ቃሪያውን በሳህን አድርጋ፣ ከፀሐይ በጆንያ ጨርቅ ተጠልላ ትቀመጣለች። ሂጂ። መጀመሪያ ቀን ዝም ብለሽ ግዢ። ስትመላለሺ ታውቅሻለች። ሦስት ቃሪያ ትመርቅልሻለች። ለስላሳውን ቲማቲም “ይሄ ለዛሬ ወጥ ነው፣ ያኛው ለነገ ይቆይልሽ” ብላ ትለይልሻለች። ከዚያ አንድ ሳምንት ጥፊ። “ምነው ጠፋሽ፣ ታመሽ ነው?” ትልሻለች። ስልኩ ላይ ያለው ሱቅ ስትጠፊበት ምን ያደርጋል? የቅናሽ ማስታወቂያ ይልክልሻል።

ምግብ የሚያመጣልሽን ልጅ ስም ታውቂዋለሽ? አራተኛ ፎቅ ድረስ ነው የሚወጣው። በሚቀጥለው ሲመጣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ስጪው፣ ስሙንም ጠይቂው። ከሳምንቱ ምግብ ደግሞ የተወሰነውን ራስሽ ሥሪው። ሽሮ ማንተክተክ ዲግሪ አይጠይቅም።

የመጓጓዣው ነገር በሰዓቱ ይለያያል። ማታ ከሆነ ራይዱን ጥሪ፤ የሰሌዳ ቁጥሩንም ለሰው ላኪ። እዚህ ላይ “ድሮ በእግራችን ነበር” የሚል ምክር አልሰጥሽም፤ ድሮም ፈርተን ነበር የምንሄደው። በጠራራው ቀን ግን አንዳንዴ ሚኒባስ ያዢ። ወያላው ይጮሃል፣ መልስ ያስቀራል፣ አንዷ ዘንቢሏን እግርሽ ላይ ታሳርፋለች፣ አንዱ የማያውቀውን ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ያማክራል። ይነዘንዛል፣ አልዋሽሽም። ቤት ስትገቢ ግን የምትናገሪው ነገር ይኖርሻል።

ቀኖቹ ተጣበቁብኝ ላልሽው፣ ለቀን መልክ የሚሰጠው የግድ የሆነ ነገር ነው። ጾመኛ ከሆንሽ ረቡዕና ዓርብ ራሳቸው ይለያሉ። ሙስሊም ከሆንሽ ጁምዓ አለልሽ። ሁለቱም ካልሆንሽ ወይም ካልበቃሽ አንቺ ፍጠሪው፦ ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ገበያ፣ ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ዘመድ ቤት። ለስልክሽ ማስታወሻ አስይዢው። ለዚህማ ጎበዝ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ማረፏን ያየሁት ፌስቡክ ላይ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጥፎ “ነፍስ ይማር” ብሏል፣ ከሥሩ ሰው ይጽፋል። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ወዳጆቼ ሊያረዱኝ በሬን ሲያንኳኩ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዬን ሳለቅስ ነበር ያደርኩት። ሰውየውን ስቆጣው “ዘመኑ እኮ ነው” አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናህ። መቆጣትህ ልክ ነው።

እኔ ሰሌዳው ፊት በተቀመጥኩበት ዘመን ስልክ ነበረ፣ ያውም ፈጣን ነበር። መርዶ ግን ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ደዋዩ “ከእገሌ ቤት አጠገብ ያለውን ሰው አገናኚኝ” ይላል። ድምፁን ስሰማ ይገባኛል። ጎረቤት ይሰማል፣ ለዕድር ዳኛው ይነግራል፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ይጠራራሉ፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ይኬዳል። ሐዘንተኛው እስከዚያ ተኝቶ ያድራል። እኔም ያወቅኩትን አውቄ፣ ያ ሰው በማታው ፈረቃ ስለ እህል ዋጋ ሊያወራ ሲደውል “እሺ፣ አገናኝሃለሁ” ብዬዋለሁ።

ያ መዘግየት በሽቦ እጥረት የመጣ አልነበረም። ሰዎች አስበው ያስቀመጡት ነው። ሰውየው መንገድ ላይ እንዳይሰማ፣ መኪና እየነዳ እንዳይሰማ፣ ሥራ ቦታ ባዕድ መሐል እንዳይሰማ፣ ከሁሉም በላይ ብቻውን እንዳይሰማ ነው። እግሩ ሲከዳው የሚይዘው ክንድ ቤቱ ውስጥ ይኑር ተብሎ ነው። እናንተም ባሕር ተሻግራችሁ ይህን አለመተዋችሁ ያስደስተኛል። ሥራ የሚገባ ሰው ሁሉ ፈረቃውን ለውጦ፣ በዚያ ብርድ ሌሊት በር ሊያንኳኳ መምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍጥነቱ ግን ለዚህም ያገለግላል፣ ከታወቀበት። አንድ የማውቀው ቤተሰብ እንዲህ ያደርጋል። ሰው ሲያርፍ አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድም በቅድሚያ በየአገሩ ላሉ የሐዘንተኛው ወዳጆች ይደውላል። ማን የት እንዳለ፣ ማን ገና እንዳልሰማ ጽፎ ይይዛል። እነሱ ተቀጣጥረው ይሄዳሉ፣ “አርድተናል” ብለው መልሰው ይደውላሉ። የመጨረሻው ስም ሲሰረዝ ብቻ ፎቶ ይለጠፋል። እስከዚያ የለጠፈ የቤተሰቡን ቁጣ ይቀምሳል። ለዘመዶችህ ይህንኑ ንገራቸው። ለዚያ ሰውዬም ንገረው፤ “ዘመኑ ነው” ማለት መልስ አይደለም። የለጠፈው ጣቱ ነው እንጂ ዘመኑ አይደለም።

ብዙዎች ደግሞ “ለለቅሶ በስልክ ገንዘብ ብልክና መልእክት ብጽፍ ይበቃል ወይ?” ይሉኛል። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ይበቃል፣ ከመብቃትም በላይ ነው። እዚሁ ከተማ ላለ ሰው አይበቃም። ሂድ። የሚባል ነገር ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ “እግዜር ያጥናችሁ” ብሎ መቀመጥ ነው። ድንኳን ውስጥ ካርታ መጫወት እንኳ ፈቅጃለሁ፣ ቢያንስ ሰው ከሰው ጋር ነው የሚጫወተው። ስልክ እያሸበለለ የሚቀመጠውን ግን ሐዘንተኛው ያየዋል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ወልድያ አካባቢ ናት። በየቀኑ ማታ ሥራ ስጨርስ በኢሞ በቪዲዮ እንደዋወላለን። ፊቷን አያለሁ፣ ፊቴን ታያለች። ግን የምንለው አጣን። “እንዴት ነሽ?” “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ?” “ደህና።” ከዚያ ዝም። አንዳንዴ ኔትወርኩ ተቋርጦ ባረፍኩ እላለሁ፣ ይህን በማሰቤም አፍራለሁ።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ልጄ። አትፈሪ፣ ይህ ያንቺ ብቻ አይደለም።

በእኛ ጊዜ የሩቅ አገር ጥሪ በደቂቃ ነበር፣ ደቂቃውም ውድ ነበር። ሰው የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ ነበር ስልክ ቤት የሚመጣው። “ላሟ ወለደች፣ ብሩ ደርሷል፣ አባባ እግሩን አሞታል።” ሦስት ደቂቃ ሲሞላ እኔ ጣልቃ እገባለሁ፣ ይሰዳደቡኛል፣ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይለያያሉ። ያ ይመለስ አልልሽም። እናት የልጇን ፊት ማየቷ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያን ጊዜ ማንም ዝም አይልም ነበር፤ ለምን ይመስልሻል? የሚነገረው እውነተኛ ነገር ስለነበረ ነው።

እናንተ ወሬ ያለቀባችሁ ስለምትደባበቁ ይመስለኛል። አንቺ ድካምሽን፣ ወገብሽን፣ የእመቤቲቱን ቁጣ ትደብቂያታለሽ፤ እንዳታስብ ነው። እሷም ያመማትን፣ የተበደረችውን፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ትደብቅሻለች፤ በሰው አገር እንዳትጨነቂ ነው። ይህ ሁሉ ከተደበቀ የሚቀረው “ደህና” ብቻ ነው። ሁሉንም አፍስሺው አልልም። ነገር ግን በቀን አንድ ትንሽ እውነት ንገሪያት። “ዛሬ ምንጣፍ ሳጥብ ውዬ ወገቤን ያዘኝ” በያት። “እስቲ በሙቅ ውኃ” ትልሻለች፣ እናትነቷን ትመልሺላታለሽ። ከዚያ እሷም ጣሪያው ማፍሰሱን ትነግርሽ ይሆናል።

በየቀኑ ፊት ለፊት መተያየቱንም ተዉት። ጅዳና ወልድያ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ እሷ ቡና ስታፈላ አንቺም ሳህን የምታጥቢበት ጊዜ ይኖራል። ስልኩን ግድግዳ ላይ ደገፍ ታድርገው። እሷ ምስር ትልቀም፣ ቡናዋን ታፍላ፣ ዱዓ ታድርግ፤ አንቺም ልብስሽን እጠፊ። ማንም ማንንም ማየት የለበትም። ጎረቤት ትገባለች፣ “ማነች? ልጅሽ ናት?” ትላለች፣ ዶሮ ትጮሃለች፣ ወሬው ራሱ ይመጣል። ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ያለ ይመስለዋል።

የምትጠይቂው ከጠፋሽ ሥራ ጠይቂያት። በርበሬ ስትደልዝ ምን ምን እንደምትጨምር፣ ነጭ ሽንኩርቱ ስንት እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜ ታምቆ እንደሚቆይ። በድምፅ መልእክት ትላክልሽ። አትሰርዢው፣ በሚጠፋ ስልክ ላይም ብቻ አትተዪው፤ ለእህትሽም አስተላልፊላት። አንድ ቀን ቤትሽ ገብተሽ በርበሬ ስታዘጋጂ እሱን ከፍተሽ ትሠሪያለሽ፤ ልኩን በትክክል የሚነግርሽ ሌላ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ እኅቴ፣ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ደብረ ብርሃን። ልጆቼ “ከዘመኑ ጋር ይራመዱ” ብለው ባለመስታወት ስልክ ገዙልኝ። ጣቴ ወፍራም ነው፣ “ሰላም” ልጽፍ ስል ሌላ ይወጣል። የልጅ ልጄ ይስቅብኛል። መልሼ ልስጣቸው?

መልስ፦ አይስጡ ጋሼ። መጻፉን ይተዉት። ቴሌግራም ላይ የሚልኩለትን ሰው ስም ነክተው ሲከፍቱ ከታች በቀኝ በኩል የማይክራፎን ምልክት አለች። እሷን ተጭነው ሳይለቁ ይናገሩ፣ ሲጨርሱ ይልቀቁ፣ ተላከ። ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ለመናገር ማንም አያስተምርዎትም። ፊደሉን እንዲያተልቅልዎ ደግሞ ያን የሚስቀውን ልጅ ይዘዙት፤ ቅንብሩ ውስጥ አለ፣ ደቂቃ አይፈጅበትም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርዎ። የባንኩንም የቴሌብሩንም የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይንገሩ። “ከባንክ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል” የሚል ድምፅ ቢመጣ፣ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ይዝጉበት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ስሰማ የኖርኩ ነኝ፤ አጭበርባሪ ሁልጊዜ ይቸኩላል፣ እንዲያስቡ ጊዜ አይሰጥዎትም።

ሬዲዮዎን ካለ አይጣሉት። መብራት ሄዶ ስልኩ ሲሞትብዎት በባትሪ ድንጋይ ዜናዎን ይሰማሉ፤ ያ የልጅ ልጅም ያኔ አጠገብዎ መጥቶ ይቀመጣል፣ ሌላ የሚያየው ስለሌለው። ስለ ዓድዋ ይንገሩት፣ ፈተና እንዳይመስለው ብቻ።